መጦሪያው በለቀማ ወር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ንብረት አስረክቢ ተባልኩ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ዝርዝሩን እየጠራ፣ እኔ «አለ» እያልኩ ተረካከብን። ጠረጴዛ አንድ፣ ወንበር አንድ፣ የዝናብ ልብስ አንድ፣ ቦቲ ጫማ አንድ ጥንድ። የወንበሩ እግር በሽቦ መታሰሩን ወረቀቱም አልጻፈው፣ እኔም አልተናገርኩ። በመጨረሻ ቦርሳዬን ስገለብጥ አንዲት ጥፍር መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ሰውየው አንስቶ አገላብጦ አያት፤ ከዝርዝሩ ላይ ፈልጎ አጣት። «ይቺ የግልዎ ናት፣ ይውሰዷት» አለኝ። አፌን ሞልቼ «አዎ፣ የግሌ ናት» ማለት አቃተኝ። እንዴት እጄ እንደገባች ልንገረው ብል ደግሞ የምሳ ሰዓቱ ደርሶ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ነበር። ለእሱ ያልነገርኩትን እዚህ ልጽፈው ነው።

ሥራዬ የአረጋውያን መጦሪያዎችን መገምገም ነበር። ሚዛን ተፈሪ፣ ቴፒ፣ ማሻና በዙሪያቸው ያሉትን፣ ጧሪ የሌላቸው ሰዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች እየዞርኩ፣ አልጋው ንጹሕ ነው ወይ፣ ምግቡ ይበላል ወይ፣ ለስንት ሰው ስንት ተንከባካቢ አለ ብዬ አይቼ ሪፖርት እጽፋለሁ። ቤቶቹ ብዙ አልነበሩም፤ የእጅ ጣት ይበቃቸዋል። መንገዱ ግን ጭቃ ነው፣ ዝናቡም እንደምታውቁት ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስገባ «ዛሬስ ስንት አሮጊት ቆጠርሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ደመወዙ የሚያስቀና አልነበረም፤ የውሎ አበሉም ከቴፒ ተርፎ ሚዛን አይደርስም። ቢሆንም ወደድኩት፤ ሳልደብቅ ልናገርና ከልጆቼ ቀጥሎ የወደድኩት ነገር ቢኖር ይህ ሥራ ነው።

የጀመርኩት በነርስነት ነው፣ ሸዋ ቤንች ጤና ጣቢያ። «ሲስተር» የሚለው ስም ከዚያ ተከትሎኝ መጣ፤ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ እልፍነሽ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ስዛወር ያስተማሩኝ ጋሽ ወንድሙ ናቸው። የማሻ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርድ አገር ያደጉ በመሆናቸው ነው መሰለኝ በቴፒ ሙቀት እንኳ ሹራባቸውን የማያወልቁ። ቃል ሲያወጡ እየቆጠቡ ነው። መጀመሪያ ላይ የጠሉኝ መስሎኝ ነበር።

አብረን የሄድንበት የመጀመሪያው ቤት ማሻ አካባቢ ነበር። እኔ አዲስ እስክሪብቶ ይዤ፣ ፎርሜን በክላሰር አድርጌ፣ ኃላፊው በር እየከፈተልን ከፊት ከፊት፣ እኔ ከኋላ አልጋ እየቆጠርኩ። የበረኪናው ሽታ ከሩቅ ይቀበላችኋል፣ አንሶላው ነጭ ነው። ዘወር ስል ጋሽ ወንድሙ የሉም። ብንፈልጋቸው መጨረሻው ክፍል፣ ጥግ ያለችው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። የአንድ ሽማግሌ እጅ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጥፍር ይቆርጣሉ። እኔ ለእሳቸው አፈርኩላቸው። የመንግሥት ባለሙያ፣ ደብዳቤ ተጽፎለት የመጣ ሰው፣ ጥፍር ቆራጭ። አሥሩንም ጣት እስኪጨርሱ ኃላፊውና እኔ በር ላይ ቆመን ጠበቅን።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ምን ጻፍሽ አሉኝ። ለአሥራ አራት ሰው አምስት ተንከባካቢ፣ ንጽሕና በጣም ጥሩ አልኳቸው። አንሶላው ላይ የእጥፋቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታይ እንደነበር አስተውለሽ ወይ አሉኝ። አላስተዋልኩም። ከቁም ሳጥን የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ነገ ተመልሶ ይገባል አሉ። ሽማግሌው ጥፍሩ ሁለት ወር አልተነካም፤ ማን እንደሚያጥበው ሲጠይቁትም «እነሱ» ብሎ ነው የመለሰው፣ የአንዳቸውንም ስም አያውቅም። ከዚያ ብዙ ጊዜ አብሮኝ የኖረውን ነገር ተናገሩ።

«ፎርሙ ስንት ሰው እንደተቀጠረ ይነግርሻል። ስንት እጅ እንዳለ ግን ጥፍር ነው የሚነግርሽ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መጦሪያ ውስጥ ሰው ሲጎድል ምግብ አይቀርም፣ ፊት መታጠብም አይቀርም፤ እነዚህ ዓይን ይገባሉ። መጀመሪያ የሚቀረው አንድ ሰው ሩብ ሰዓት ያህል ተረጋግቶ መቀመጥ ያለበት ሥራ ነው። ጥፍር ቸኩለው አይቆርጡትም፣ ሥጋ ይነካል። ስለዚህ ጋሽ ወንድሙ የትም ቤት ሲገቡ እጃቸውን ታጥበው ከበሩ በጣም ከራቀችው አልጋ ይጀምራሉ። እየቆረጡ ቆዳውን ያያሉ፣ ተረከዙን ይዳስሳሉ፣ ምርኩዙ የት እንደተቀመጠ ይመለከታሉ። ምርኩዝ እጅ የሚደርስበት ቦታ ካለ ያ ሰው ይራመዳል፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አይራመድም። ዕድሜ ሲገፋ አማርኛው እየጠፋበት ወደ እናቱ ቋንቋ የተመለሰ ሰው ካለ፣ በካፊኖኖም በቤንችኛም ያወሩታል፤ እዚህ ቤት በቋንቋው የሚያወራው ሰው ማን እንደሆነም ይጠይቃሉ። በመጨረሻም ያቺን ጥያቄ፦ «ጥፍርዎን ማን ነው የሚቆርጥልዎ?» ስም ከተጠራ ደስ ይላቸዋል። ዝም ከተባለ ፎርሙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ።

አንድ ልማዳቸው ብቻ አይገባኝም ነበር። የዓመት ፈቃዳቸውን የሚወስዱት በሰኔ ነው። በዚያ ዶፍ ምን ይሠራሉ ስላቸው «እተኛለሁ» ይሉኛል። እኔ የምወስደው በኅዳር ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ ከሚዛን ወጣ ብሎ የቡና ማሳ አላቸው፤ ካገባሁ ጀምሮ አንድም ለቀማ ቀርቼ አላውቅም። እኛ አገር ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥቅምት ሲጋመስ ቡናው ይቀላል፣ ክፍሉ ተማሪ ይጎድለዋል፣ ቢሮው ጭር ይላል፣ የፈቃድ ወረቀት ሳይነበብ ይፈረማል። ጋሽ ወንድሙ በዚያ ወር ብቻቸውን ቴፒና ሚዛን ሲመላለሱ፣ ማሳ የሌለው ሰው ምን ያድርግ እል ነበር።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ጥፍር መቁረጫዋን ሰጡኝ። የመሥሪያ ቤት ናት ወይስ የግልዎ ብዬ ጠየቅኳቸው። «የሥራው ናት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብቻዬን ስዞር ከሁሉ የምኮራበት ቤት ከቴፒ ወጣ ብሎ ያለው መጦሪያ ነበር። ሃያ ሁለት አረጋውያን፣ ስምንት ተንከባካቢዎች። ኃላፊው አቶ መኩሪያ የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ ተማሪያቸው የነበረ ይመስል ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። እማማ አስካለን ያወቅኋቸው እዚያ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና እርሻ ለቃሚ የነበሩ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ምላሳቸው ግን ያልጎበጠ ሴት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ትርንጎ የምትባል ተንከባካቢ ብብታቸውን ደግፋ ታነሳቸውና ምርኩዛቸውን ታስጨብጣቸዋለች። ከዚያ እያረፉ፣ እያረፉ፣ እስከ አጥሩ በር ይራመዳሉ። በሩ ላይ አንዲት ዱካ ወንበር አለቻቸው። እዚያ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይሰልላሉ፤ ባጃጆቹ ጥሩምባ ነፍተው ሰላም ሳይሏቸው አያልፉም። እዚህ በር ላይ ካልወጣሁ ቀኑ አልነጋም ይሉኝ ነበር።

በአንዱ ነሐሴ ሄጄ የእሳቸውን ጥፍር ለመቁረጥ ስቀመጥ የሚቆረጥ ነገር አጣሁ። ማን ነው የሚቆርጥልዎ ስላቸው፣ ሞኝ እንደሚያዩ አይተውኝ፣ «ትርንጎ ናታ» አሉኝ። ፎርሙን «በጣም ጥሩ» ብዬ ሞላሁት። እንዲያውም የሌሎቹን ቤቶች ኃላፊዎች ሰብስቤ ከዚህ ተማሩ ብዬ አስጎበኘሁ። ኅዳር ሲመጣ ፈቃዴን ሞልቼ ቡና ለቀማ ሄድኩ።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ በሌላ ጉዳይ ቴፒ ወርጄ፣ ሳልነግራቸው ወደ መጦሪያው ጎራ አልኩ። በሩ ላይ ዱካዋ የለችም። ውስጥ ስገባ እማማ አስካለ ተኝተዋል። ምርኩዛቸው ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ከእጀታው እስከ ግድግዳው ሸረሪት አድርቶበታል። እጃቸውን ስይዝ ጥፍራቸው መዳፋቸውን ወግቶታል። ገለበጥኳቸው። ወገባቸው ግርጌ የመኝታ ቁስል ነበር፣ ጣቴን የሚውጥ። ነርስነቴ አልጠፋም ነበርና ውሃ አስፍልቼ፣ አጥቤ፣ በፋሻ ሸፈንኩት። እሳቸው ትራሱን ነከሱ።

ከስምንቱ ተንከባካቢዎች ስድስቱ ለለቀማ ሄደው ከአምስት ሳምንት በላይ ቆይተዋል። ሁለቱ ሃያ ሁለት ሰው ያበላሉ፣ ፊት ያጥባሉ፤ ከአልጋ የሚያነሳ ግን አልነበረም። አቶ መኩሪያ ይህን ሲነግሩኝ ምንም የሚደብቁት ነገር ያለ አይመስሉም። በየዓመቱ እንዲህ ነው፣ ሲስተር፣ ሲመለሱ እንደገና ይስተካከላል አሉኝ። ትርንጎ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ተመልሳ ኖሮ በሩን ተደግፋ ቆማለች። በእሷ ላይ የወረደብኝን ሁሉ አወረድኩባት። ደግሜ ልጽፈው አልፈልግም። ሥራሽን ታጫለሽ፣ ይህም ቤት ይዘጋል አልኳት። እሷ መሬት መሬት ታያለች። ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል እማማ አስካለ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ትርንጎን አትንኪብኝ፣ ልጄ።»

ሪፖርቱን በቁጣ ጻፍኩት። ስድስቱ እንዲሰናበቱ፣ የቤቱ ፈቃድ እንዲታገድ። ሳላስገባው ግን ጋሽ ወንድሙ ያንብቡልኝ ብዬ ማሻ ድረስ ወጣሁ። በልቤ «ጎበዝ» እንዲሉኝ ነበር የፈለግሁት፣ ምን ይደረግ። ደጃቸው ላይ ሹራባቸውን ለብሰው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ወረቀቱን አጠፉና ሰጡኝ።

«ኅዳር አንቺ የት ነበርሽ?»

ፈቃድ ላይ አልኳቸው። ምን ስትሠሪ አላሉኝም። እጄን ብቻ አዩት። የለቀማው ጥቁረት ከጥፍሬ ሥር ገና አለቀቀም ነበር። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያን ጊዜ ነው ሰኔያቸው የገባኝ። እሳቸው ማሳ ስላጡ አልነበረም ኅዳርን ሥራ ላይ የሚውሉት። ቤቶቹ የሚራቆቱት በዚያ ወር መሆኑን አውቀው ነው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት አንድም መጦሪያ በለቀማ ወር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ሁሉም ሰው ሥራው ላይ ያለበትን ጊዜ ብቻ ነው። ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልነግርሽ ይገባ ነበር» አሉ። «በየዓመቱ ፈቃድ ሞልተሽ ስትሄጂ እያየሁ ዝም አልኩ። አገር ሁሉ የሚያደርገውን ነገር፣ አንቺ ለምን ታደርጊያለሽ ማለት ይከብዳል። ጥፋቱ የሁለታችንም ነው።»

ከማሻ እስክወርድ ሚኒባሱ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀብር የምሄድ መስሏት እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። አሜን አልኳት።

ሪፖርቱን ቀድጄ ቴፒ ተመለስኩ። ሠራተኞቹን የእማማ አስካለ ክፍል በር አጠገብ ካለው መመገቢያ ሰበሰብኩና፣ ኅዳርን የት እንደዋልኩ ከሁሉ በፊት ነገርኳቸው። ይህን ማለት ከጠበቅሁት በላይ ከበደኝ። ትርንጎ ቀና ብላ ስታየኝ ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ተናገረች። ሁለት ልጆች እንዳሏት፣ የልጆቿ ልብስና ደብተር ከዚያች ቡና እንደሚወጣ፣ ካልተለቀመ መሬት ላይ እንደሚረግፍ። ለቀማ ላይ ሆና እንኳ እማማን ማን አነሳቸው ይሆን ስትል እንደነበር። አትሂዱ ማለት እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሂዱ ማለትም አይቻልም። አቶ መኩሪያ ጠመኔ የያዙ ይመስል ጣቶቻቸውን ያፋትጋሉ። ከዚያ ከክፍሉ ውስጥ የእማማ አስካለ ድምፅ መጣ።

«ቡናውን ወደዚህ አምጡት። ስጥ መጠበቅ አቅቶን ነው?»

መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ ግን አሰብነው። ለቀማ ብቻ አይደለም ሰዉን የገዛ ቤቱ የሚያስቀረው፤ ከተለቀመ በኋላ ማስጣቱ፣ ማገላበጡ፣ ከዶሮና ከዝናብ መጠበቁ ነው። የመጦሪያው ግቢ ሰፊ ነው፣ ፀሐይም አለው። ስምንቱ በሁለት ተከፍለው ቀን በቀን እንዲፈራረቁ፣ አራቱ ሲለቅሙ አራቱ እንዲቀሩ፣ የሁሉም ቡና ግቢው ውስጥ እንዲሰጣ ተስማማን። ለቀማ የሚሄዱትም ሁሉም ሰው ከአልጋ ሳይነሳ ከበር አይወጡም። የሚቀጥለው ኅዳር ላይ ስሄድ ግቢው በቀይ ቡና ተሞልቷል። አረጋውያኑ በየወንበራቸው ዙሪያውን ተቀምጠው ዶሮ ያባርራሉ፣ እንጭጩን ቡና ይለቅማሉ፣ ዳመና ሲያዩ ይጣራሉ። ስጡን የሚያገላብጡት ሴቶች ከመሐላቸው አይርቁም። በፎርሙም ላይ፣ ብዙ ደብዳቤ ተጽፎ፣ አንድ መስመር አስገባሁ፤ አንዱ ጉብኝት በለቀማ ወቅት ይሁን የሚል። የእኔም ፈቃድ ወደ ሰኔ ዞረ። የባለቤቴ እናት ለረጅም ጊዜ አኮረፉኝ።

ይህን ስጽፍ ሁሉ ነገር የተስተካከለ እንዳይመስል። የእማማ አስካለ ቁስል ከሦስት ወር በኋላ ተዘጋ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። በዚያ ዕድሜ ከአምስት ሳምንት በላይ ያልቆመ እግር ይረሳል። ለሁለት ደግፈው ግቢው ድረስ ያወጧቸዋል እንጂ፣ በዚያ በር ላይ በእግራቸው ሄደው ዳግመኛ አልተቀመጡም። አንድ ቀን ስጡ አጠገብ ተቀምጠን ይህን ራሴ ነገርኳቸው። እግርዎን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ መጥቼ ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ አልኳቸው። ዶሮ ለማባረር የያዙትን ምርኩዝ ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«ትርንጎ ዛሬ ለቀማ ላይ ናት። አንቺ ቁረጪልኝ።»

ቆረጥኩላቸው። እንዲህ ዓይነት ይቅርታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላገኘሁም። ሁለት ለቀማ ስጥ ጠብቀው፣ ሦስተኛው ሳይደርስ አረፉ።

ዘንድሮ ኅዳር፣ ጡረታ ከወጣሁ የመጀመሪያው ለቀማ መሆኑ ነው፣ ፎርም ሳልይዝ፣ ደብዳቤ ሳይጻፍልኝ ቴፒ ወረድኩ። ቡናው ተሰጥቷል። እጄን ታጥቤ መጨረሻው ክፍል ገባሁና ጥጉ ላይ የተኙትን ሽማግሌ ጥፍር መቁረጥ ጀመርኩ። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ እጄም ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ጣት ላይ ሥጋቸውን ነካሁባቸውና እጃቸውን ሰበሰቡ። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ኖሯል። ፀጉሯ ሸብቷል አሁን። መጥታ መቁረጫዋን ከእጄ ወሰደች፣ ሽማግሌውን በቋንቋቸው አባብላ ጨረሰችላቸው። ከዚያ መቁረጫዋን ልትመልስልኝ ሲገባት የእኔን ቀኝ እጅ ያዘች።

ባለቤቴ ካረፈ፣ ልጆቼም ራቅ ካሉ ወዲህ፣ ግራ እጄ ቀኙን በደንብ አይቆርጥልኝም። አንዱ ረጅም፣ አንዱ የተቆራረሰ ነበር።

«ሲስተር፣ የእርስዎንስ ማን ነው የሚቆርጥልዎ?» አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ሰውን ስጠይቅ የኖርኩት ጥያቄ ናት። ዝም ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚጻፍም አውቃለሁ። ዝም አልኩ። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ እጄን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳትቸኩል አምስቱንም ቆረጠች። «ሌላኛውን ይስጡኝ» አለች። ሰጠኋት።

ጨርሳ መቁረጫዋን ስትመልስልኝ አልተቀበልኳትም። የሥራው ናት፣ አንቺ ጋ ትቀመጥ አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ወደ ቴፒ እወርዳለሁ፤ ለእኔ ዕድሜ መንገዱ ረጅም ነው ይሉኛል። ከእኔ በኋላ የተተካው ገምጋሚ አንድ ቀን እኔንም አስቀምጦ፣ ጥፍርሽን ማን ነው የሚቆርጥልሽ ቢለኝ፣ ሞኝ እንደሚያይ አየውና፣ ትርንጎ ናታ እለዋለሁ።